«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ የቲን ክላይንት ኔትወርክ፣ የፕሮቶኮልና የፈቃድ አመራረጥ

ከሸዋሮቢት እስከ አጣዬ ባሉ ቢሮዎች ባለጉዳይ ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ የሚያደክመው «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። የይዞታ ደብተሩን ጉዳይ ለማስፈጸም፣ የቁጠባ ሒሳቡን ለማየት ወይም ግብሩን ለመክፈል ከቀበሌው በሌሊት የተነሣ አርሶ አደር ይህን ቃል ሰምቶ ሲመለስ፣ የሥራ ቀኑንና የትራንስፖርት ወጪውን ከስሮ ነው።

ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የመብራት መቋረጥ፣ አንዳንድ ጊዜ የመስመር መጥፋት ነው። ሌላ ጊዜ ግን ችግሩ የሚወለደው መሣሪያው በተገዛበት ዕለት ነው። የማይስማማ ሥርዓት ተገዝቶ፣ ፈቃዱ ሳይታሰብ ተተክሎ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ በርካታ ሠራተኞች በአንድ ሰርቨር የሚገለገሉበትን የቲን ክላይንት አሠራር ያብራራል፤ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመግዛታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያስቀምጣል።

ቲን ክላይንት ምንድን ነው?

ቀድሞ በየቤቱ እህል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጭ ነበር፤ ዛሬ መንደሩ በአንድ ወፍጮ ቤት ይገለገላል። የኮምፒውተሩም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ ሙሉ ኮምፒውተር አለው፤ ፕሮግራሙም ፋይሉም እዚያው ላይ ይቀመጣል። በቲን ክላይንት አሠራር ግን ፕሮግራሞቹና ፋይሎቹ ሰርቨር በሚባል አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ይሆናሉ። በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስና የመጽሐፍ ያህል መጠን ያላት ሣጥን ብቻ ናቸው።

ሠራተኛው በኪቦርዱ የሚጽፈው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም ሥራውን ሠርቶ የስክሪኑን ምስል ይመልሳል። ሰርቨሩና ሣጥኗ የሚግባቡበት ሥርዓት የርቀት ዴስክቶፕ ፕሮቶኮል ይባላል።

የወፍጮ ቤቱ ምሳሌ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ያሳያል። ወፍጮው ሲበላሽ መንደሩ ሁሉ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ሲቆምም ቢሮው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ቲን ክላይንት የሚመርጥ ተቋም ያተረፈውን ገንዘብ ለሰርቨሩ ደኅንነት፣ ለባትሪውና ለመጠባበቂያ ቅጂው ማዋል ይኖርበታል።

ለይፋት ቆላ ምን ይጠቅማል?

ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ሙቀትና አቧራ የኮምፒውተር ጠላቶች ናቸው። የተለመደው ኮምፒውተር የማቀዝቀዣ ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው አየር ሲስብ አቧራውንም አብሮ ያስገባል። አብዛኞቹ ቲን ክላይንቶች ግን ማራገቢያም ሆነ የሚሽከረከር ዲስክ የላቸውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ የሚስበው አየር ከ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባይበልጥ ይመረጣል። አሥር ክፍል ከማቀዝቀዝ አንድ ጠባብ ክፍል ማቀዝቀዝ ይቀላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። አሥር ሠራተኞች ያሉት ቢሮ እንውሰድ። እያንዳንዱ ሙሉ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ቢወስድ በድምሩ 1,200 ዋት ይሆናል። በአንጻሩ ቲን ክላይንት ከነስክሪኑ 35 ዋት ቢወስድ አሥሩ 350 ዋት፣ ሰርቨሩ 250 ዋት፣ የኔትወርክ ስዊቹ 20 ዋት፣ በድምሩ 620 ዋት ይሆናል። ፍጆታው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለ። መብራት ሲጠፋ በጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን ቢጠፋ እንኳ፣ ሰርቨሩ በባትሪ እስከቆየ ድረስ የተጀመረው ሥራ አይጠፋም። ሠራተኛው መብራት ሲመጣ ተመልሶ ይገባና ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ይቀጥላል። በባትሪ የሚያዘው 1,200 ዋት ሳይሆን የሰርቨሩና የስዊቹ 270 ዋት ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒውተርም የፕሮግራም ፈቃድም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና ያለውን ዕቃ ማገልገል እስከቻለ ማቆየት ይበጃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የማይበቁ አሮጌ ኮምፒውተሮች መጣል የለባቸውም፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው እንደ ቲን ክላይንት ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ከመግዛት በፊት መቁጠር

ብዙ ግዢ የሚበላሸው ከዕቃው በመጀመሩ ነው። መቅደም ያለበት ቆጠራ ነው፤ የሚቆጠሩትም አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው? የጤና መረጃ የሚመዘገብበት ዲኤችአይኤስ 2 በብራውዘር የሚሠራ ነው። ሥራው በብራውዘር ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የርቀት ዴስክቶፕ አያስፈልግም፤ ርካሽ ኮምፒውተርና አስተማማኝ መስመር ይበቃል። በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ፒችትሪ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በክልሉ ወረዳዎች የተዘረጋውን የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት የመሰሉ የመንግሥት ሥርዓቶችን በተመለከተ፣ ከመግዛት በፊት በቲን ክላይንት እንዲሠሩ የተፈቀደና የተሞከረ መሆኑን ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ስንት ሰዎች፣ በስንት መሣሪያ፣ በስንት ፈረቃ ይሠራሉ? ይህ ቁጥር የፈቃዱን ወጪ የሚወስን ነው።

ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ የት ይሆናል? በዚያው ሕንፃ ከሆነ ተራ የኔትወርክ ገመድና ስዊች ይበቃሉ። በሌላ ከተማ ከሆነ ግን የመስመሩ መዘግየት ወሳኝ ይሆናል። የወረዳኔት አገልግሎት ወረዳዎችን ያገናኝ የነበረው በሳተላይት ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ሳተላይት መልእክት ወስዶ መልስ እስኪያመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለቪዲዮ ስብሰባ ይህ ይታለፋል። በርቀት ዴስክቶፕ ለሚጽፍ ሰው ግን እያንዳንዱ ፊደል ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ሲታይ ሥራው ይሰለቻል። በፋይበር መስመር መዘግየቱ እጅግ ያነሰ ነው። መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ግን ለአንድ ከተማ ቢሮ ሰርቨሩ በዚያው ከተማ ቢሆን ይመረጣል።

አራተኛ፣ ማን ይጠግነዋል? በአካባቢው የሚያውቀው ባለሙያ የሌለው ሥርዓት፣ ነጻ ቢሆንም፣ በተበላሸ ዕለት ውድ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ፕሮቶኮሎች

አርዲፒ፦ የማይክሮሶፍት ፕሮቶኮል ሲሆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ለገበያ ከቀረበው የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ጋር የመጣ ነው። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ነው። የስክሪኑን ለውጥ ብቻ አጥቦ ስለሚልክ ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ የሚፈልገው የመስመር አቅም ትንሽ ነው። ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘ ፕሪንተርና ፍላሽ በሰርቨሩ ላይ እንዲታይም ያደርጋል። ሠራተኛው ሲቋረጥ ሥራው በሰርቨሩ ላይ ይጠብቀዋል። ኤክስአርዲፒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የሊኑክስ ሰርቨርን በዚሁ ፕሮቶኮል ለመጠቀም ያስችላል።

ቪኤንሲ፦ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ በሚገኝ የምርምር ላቦራቶሪ የተሠራ ነው። የስክሪኑን ምስል እንዳለ ስለሚልክ በማንኛውም ሥርዓት ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን በቀጭን መስመር ላይ ይዘገያል። በተለመደው አጠቃቀሙ የሚያሳየው አንዱን ስክሪን ለሁሉም ነው። ስለዚህ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ ለመርዳት ወይም መምህር ስክሪኑን ለክፍሉ ለማሳየት ይጠቅማል፤ አሥር ሠራተኞች የየራሳቸውን ሥራ እንዲሠሩበት አይመረጥም። የጥንቱ ቪኤንሲ የይለፍ ቃል ከስምንት ፊደል በላይ እንደማይቀበልም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኤክስቱጎ፦ ለሊኑክስ ሰርቨር የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ግንኙነቱን በምስጢራዊው የኤስኤስኤች መስመር ያስተላልፋል፤ የተቋረጠ ሥራንም ካቆመበት ያስቀጥላል። ቀጭን መስመርን የመቋቋም ችሎታው ጥሩ ነው።

ኤልቲኤስፒ፦ ይህ እንደ አርዲፒ ያለ ፕሮቶኮል ሳይሆን ኮምፒውተሮች ያለ ሃርድ ዲስክ በኔትወርክ እንዲነሡ የሚያደርግ ነጻ የሊኑክስ ሥርዓት ነው። ሥራው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን ከ20 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተጽፏል። በአዲሱ አሠራር ፕሮግራሙ የሚሠራው በየተማሪው ኮምፒውተር አቅም ነው፤ ሰርቨሩ ሥርዓቱንና ፋይሎቹን ያቀርባል። የተለገሱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላሏቸው ትምህርት ቤቶች የተመቸ ነው፤ ጥሩ የኔትወርክ ገመድና ፈጣን ስዊች ግን ይፈልጋል።

ሲትሪክስና መሰሎቹ፦ የሲትሪክስ፣ ብላስትና ፒሲኦአይፒ የሚባሉት ፕሮቶኮሎች በመስመር ጥራት መለዋወጥ የማይበገሩና ለከባድ ምስል የተዘጋጁ ናቸው። ብዙ ቅርንጫፍ ላላቸው ባንኮችና ትላልቅ ድርጅቶች ይሆናሉ። ክፍያቸው ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚታደስ በመሆኑ ለአንድ ከተማ ማኅበር አይመከሩም።

ፈቃድ፦ ገንዘቡ የሚሄድበት

በዊንዶውስ መንገድ የሚሄድ ተቋም የሚከፍለው በአራት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የሰርቨሩ የዊንዶውስ ፈቃድ ሲሆን የሚሰላው በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ነው፤ ዝቅተኛው 16 ኮር ነው። ሁለተኛው ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት የሚያስፈልገው የተገልጋይ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው ለርቀት ዴስክቶፕ የሚጨመረው የተለየ የተገልጋይ ፈቃድ ነው። አራተኛው እንደ ኦፊስና ፒችትሪ ያሉት ፕሮግራሞች ፈቃድ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የመጀመሪያው ብቻ ተጽፎ ሦስቱ ሲረሱ፣ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ኋላ ላይ ይከብዳል።

የተገልጋይ ፈቃድ በሰው ወይም በመሣሪያ ይገዛል። 20 መሣሪያዎች ባሉት ክፍል 400 ተማሪዎች እየተፈራረቁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በመሣሪያ ቢገዛ 20፣ በሰው ቢገዛ 400 ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ስድስት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው ከቢሮ ኮምፒውተር፣ ከላፕቶፕና ከቤት የሚገቡበት ድርጅት በሰው ቢገዛ ስድስት፣ በመሣሪያ ቢገዛ 18 ያስፈልገዋል። ቆጠራው ከግዢው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ብዙዎችን ያሳሳቱ አምስት ወጥመዶችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የ120 ቀን ወጥመድ ነው። የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ አገልግሎት ሲተከል ለ120 ቀናት ያለ ፈቃድ ይሠራል። ተካዩ ሥራውን አስረክቦ ሒሳቡን ይወስዳል፤ አራት ወር ሲሞላ ሠራተኞች መግባት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ርክክብ መፈጸም ያለበት ፈቃዱ በሰርቨሩ ላይ ተመዝግቦ ከታየ በኋላ ነው።

ሁለተኛው፣ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሁለት ሰዎች ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መግባት መቻላቸው ነው። ይህ የተፈቀደው ሰርቨሩን ለማስተዳደር እንጂ ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሰርቨሩ በዶሜይን ያልተደራጀ ሲሆን የሚገጥም ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ወዲህ በእንዲህ ያለ አደረጃጀት በሰው የተገዛ ፈቃድ ከተሞላ ግንኙነቱ ከ60 ደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። ዶሜይን የሌለው ትንሽ ቢሮ በመሣሪያ የሚሰላውን ፈቃድ ይምረጥ።

አራተኛው የዘመን ወጥመድ ነው። ለቀደመው የሰርቨር ዓይነት የተገዛ የርቀት ዴስክቶፕ ፈቃድ ለአዲሱ አያገለግልም፤ የአዲሱ ፈቃድ ግን ለቀደመው ያገለግላል።

አምስተኛው የኦፊስ ፈቃድ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ተብሎ በችርቻሮ የተገዛ ኦፊስ ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር ላይ እንዲሠራ አልተፈቀደም፤ ለድርጅት በጥቅል የሚሸጠው ወይም ለጋራ አጠቃቀም የሚፈቅደው ዓይነት ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ለመቀነስ ነጻውን ሊብሬኦፊስ መጠቀም ይቻላል።

«ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም መጫን መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ከሕጉ ባሻገር የክራኩ ፋይል ራሱ የቫይረስ መግቢያ ይሆናል። በተለመደው አሠራር አንድ ኮምፒውተር ቢታመም አንዱ ይቆማል፤ በቲን ክላይንት ግን ሁሉም በአንድ ሰርቨር ላይ ናቸውና የማኅበሩ መዝገብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊቆለፍ ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ

በሙከራ ጊዜ ተረስቶ በሥራ ላይ የሚያስቸግር አንድ ነገር የአማርኛ መጻፊያ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ፓወር ግዕዝም ሆነ ሌላ መጻፊያ መጫን ያለበት በሰርቨሩ ላይ እንጂ በሣጥኗ ላይ አይደለም። በሁለቱም ላይ ከተጫነ ፊደላት ሊደጋገሙ ወይም ሊዛቡ ይችላሉ። ሊኑክስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያዎች አሉት፤ ሆኖም በዩኒኮድ ሳይሆን በጥንቱ የፊደል ኮድ የተጻፉ ሰነዶች ወደ ሊኑክስ ሲሄዱ ሊነበቡ አይችሉምና አስቀድሞ መለወጥ ይገባል። ከርክክብ በፊት አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ተጽፎ፣ ታትሞና ተቀምጦ ይታይ።

ደኅንነትና መጠባበቂያ

አርዲፒ የሚጠቀምበት የ3389 በር በቀጥታ ለኢንተርኔት መከፈት የለበትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2019 ይፋ የሆነውና ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት፣ ያልታደሱ የዊንዶውስ ሰርቨሮችን ያለ ይለፍ ቃል ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር። ከውጭ መግባት የሚያስፈልገው ሠራተኛ በቪፒኤን በኩል ይግባ፤ ሰርቨሩም በወቅቱ ይታደስ። የዜጎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበትም ሊያውቅ ይገባል።

የመጠባበቂያ ቅጂን አስፈላጊነት ለይፋት ሕዝብ ማስረዳት አይከብድም። በ2013 ዓ.ም አጣዬ በእሳት ስትወድም፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋሮቢት ሲደርስ፣ በአካባቢው የመኖሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የአገልግሎት ተቋማትም ተጎድተዋል። ጠረጴዛና ኮምፒውተር ይተካል። የይዞታ፣ የቁጠባና የተማሪ ውጤት መዝገብ ግን ቅጂ ከሌለው አይተካም።

ሁሉን በአንድ ሰርቨር ማኖር እዚህ ላይ ሁለት ገጽታ አለው። ሰርቨሩ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ሆኖም መረጃው በአንድ ቦታ ስለተሰበሰበ ቅጂ ማውጣቱ በየጠረጴዛው ከተበተነው እጅግ ይቀላል። የተለመደው መመሪያ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ የሚል ነው። ለሸዋሮቢት ቢሮ አንዱ ቅጂ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ ይመረጣል። ቅጂው በእርግጥ እንደሚከፈት ደግሞ በየሩብ ዓመቱ መፈተሽ አለበት።

ለየተቋሙ የሚስማማው

ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፦ ኤልቲኤስፒ ወይም ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የሚያስፈልገው የሠለጠነ መምህርና ጥሩ የኔትወርክ ዝርጋታ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበርና ለዩኒየን፦ ፒችትሪን የመሰለ ፕሮግራም የሚጠቀሙት ሒሳብ ሠራተኞች በዊንዶውስ ሰርቨርና በአርዲፒ፤ ጽሑፍ የሚጽፉትና በብራውዘር የሚሠሩት በሊኑክስ። ፈቃዱ ለሚያስፈልጋቸው ሠራተኞች ብቻ ይገዛል።

ለጤና ተቋምና በብራውዘር ለሚሠራ ቢሮ፦ የርቀት ዴስክቶፕ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ የኢንተርኔት መስመሮችና በቂ ባትሪ።

ከአምስት ሠራተኛ በታች ላለው ቢሮ፦ የሰርቨሩ ወጪ ስለማይካካስ የተለመዱ ኮምፒውተሮችና ሥርዓት ያለው የመጠባበቂያ ቅጂ።

አባላት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የመጨረሻ ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ማሾና ሽንኩርት ሸጦ ዕጣ የገዛ አርሶ አደር ስለ ፕሮቶኮል ማወቅ አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ የግዢ ዕቅድ ሲቀርብለት የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላል። ሥራችን በእርግጥ ይህን ይፈልጋል ወይስ ብራውዘር ይበቃናል? ዋጋው ሁሉንም ፈቃድ ይጨምራል? በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ አለው? ተካዩ ከ120 ቀናት በኋላም ኃላፊነት ይወስዳል? መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ስንት ሰዓት ይቆያል? የመዝገባችን ቅጂ ከከተማው ውጭ የት ይቀመጣል? ብልሽት ሲያጋጥም በስንት ሰዓት ማን ይደርሳል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያልቀረበለት ግዢ ለሌላ ጉባኤ ቢቆይ ማኅበሩ አይጎዳም። መልሶቹ በውሉ ውስጥ ከገቡ ግን ከቀበሌው የመጣው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስበት ቀን ይቀንሳል።